ያደነቅሁት ወይፈን

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቢቸና ቢሮ ተቀምጬ ልቤ ሞጣ ነው፤ ሞጣ ስደርስ ደግሞ ዓይኔ የመመለሻ መኪና ይፈልጋል። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም ቸኩላ ነው» ትላለች። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ። ያን ዓመት ሥራዬ ለሥጋ ከብት ማሻሻያ ፕሮግራም ኮርማ መምረጥ ነበር፤ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ኮርማ፣ ከዚያው ከአካባቢው ዘር። ኮርማ ያልተገኘለት መንደር ከፕሮግራሙ ይወጣል። የቀረኝ ከሞጣ ወዲህ ያለ አንድ መንደር ብቻ ነበር። ለሰዎቹም በስብሰባ ፊት «አገኝላችኋለሁ» ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።

ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። የማየው ሁሉ ጀርባው የጎበጠ፣ ደረቱ የጠበበ ነው። ጥሩ ጥሩው ወይፈን የት እንደሚሄድ እንኳን ባለሙያ ሕፃንም ያውቃል። ተቀጥቅጦ ይኮላሻል፤ በሬ ሆኖ ያርሳል። ላሞቹን አጥቅቶ የሚያስረግዘው ለቀንበር ያልታደለው ነው።

ጥር ላይ ጉንደ ወይንን አልፌ ለአራተኛ ጊዜ ሄድሁ። አንድ ሽማግሌ ደጅ ሁለት እኩያ ወይፈኖች ጎን ለጎን ታስረዋል። አንዱ ዳልቻ ነው፣ ከሲታ። ሌላው ዳማ፣ ጀርባው እንደ ገበታ የተስተካከለ፣ አቋቋሙ የረጋ። ሽማግሌው ስብሰባው ዕለት ለቅሶ ሄደው ስለነበር የእኔን ነገር አልሰሙም። ሜትሬን አውጥቼ የዳማውን ደረት ለካሁ። የቆለጡን ዙሪያ ስለካ ፊታቸውን ወደ ጎተራው አዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ምኑን ነው የምትለኪው?»

«ሥራዬ ነው፣ አባቴ።»

«እሱስ ሥራ ነው» አሉና ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ለመሆኑ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ትያለሽ? እኔ ሳመነታ ከረምሁ።»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። «ምን ያጠያይቃል? ዳማው ነው እንጂ። እንዲህ ያለ በዚህ አገር አላየሁም። መርጬዋለሁ። አደራ፣ በደንብ ይያዙልኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ።»

መንገድ ላይ የቆመው መኪና ጡሩንባ ነፋ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺታ መሰለኝ። የቀረውን ስመለስ አስረዳለሁ ብዬ ሮጥሁ።

ከዚያ ኮሚቴው ሳያጸድቅ ዘገየ። ሲያጸድቅ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። ከቢሮ ቤት፣ ከቤት መናኸሪያ ስል ሰነበትሁ። ሾፌሮቹ ገና በሩቁ ሲያዩኝ «የለም» ይሉኝ ጀመር። እንቅልፌ ሸሸ። የምፈራው ወይፈኑ እንዳይሸጥ፣ እንዳይታመም ነበር። ሌላ ነገር አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም።

መንገዱ የተከፈተው ከፋሲካ በኋላ ነው። በመጀመሪያው መኪና ሄድሁ። ሽማግሌው አይተውኝ ተነሡ፤ ፊታቸው በርቷል። «ነይ እይው፣ አደራሽን ጠብቄያለሁ» ብለው እጄን ይዘው ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ዳማው ሰብቷል። ማጅራቱ ላይ ቀንበር ያረፈበት ጠጉር መመለጥ ጀምሯል። ዞሬ ዝቅ ብዬ አየሁ። በሜትር የለካሁት ነገር ኮስምኗል።

«ምን አደረጉት?»

«አስቀጠቀጥሁት እንጂ፣ አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ። አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ ሁለት ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው ያረስሁ። ዘንድሮ በገዛ ጥማዴ። ሰው ሁሉ ገራሙ ዳልቻው ነው እያለኝ እሱን ላስቀጠቅጥ ነበር፣ ዳማው ኮርማ ሆኖ ሊቀር። እግዜር አንቺን ላከልኝ።»

በእሳቸው ልናደድ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። አባቴም ከግቢያችን ወይፈኖች መልካሙን መርጦ ያስቀጠቅጥ ነበር። ጎረቤት በሬያችንን ሲያደንቅ የእኔ ደረት ነበር የሚነፋው። ይህን እያወቅሁ «አያኮላሹት» የምትል አንዲት ቃል ለመጨመር ጊዜ አጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልቀረኝ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት ለኮርማነት ነበር» አልኋቸው።

«እንዲህ ያለውን?» ብለው ትክ ብለው አዩኝ፤ የምቀልድ ሳይመስላቸው አልቀረም። ከዚያ ዳልቻውን ጠቆሙኝ። «ለላሞቹ ይኸ መች አነሳቸው?»

በእልህ ዳልቻውን ለካሁት። መለኪያውን አልሞላም። ቅጹ ላይ የመንደሩን መስመር ባዶ ተውሁትና ተነሣሁ። ሽማግሌው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የመረጠ እጅሽ ይባረክ። ለሌላውም ደሀ እንዲሁ ምረጪለት።»

መኪናው ጡሩንባ ነፋ። እጄን ስላልለቀቁት ምርቃታቸውን እስኪጨርሱ ቆሜ «አሜን» አልሁ።