ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ያለው ብየዳ

እኅቴ ሰዎች ያገለገለ የመስክ መኪና ከመግዛታቸው በፊት መኪናውን የምትመረምር ሴት ነበረች። የመኪና መሸጫው ሰፈር ሁሉ "መፍቻ" ይላታል። ቅጽል ስሙ በሙያዋ የወጣላት እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሻጭ ሞተሩን እንዳታይበት ኮፈኑን እጇ ላይ ቢደፋባት፣ በሌላኛው እጇ የጎማ መፍቻ አንስታ መንጋጋውን ስላለችው ነው። እሱ ሁለት ጥርስ፣ እሷ አንድ ጥፍር አጥተው ተለያዩ። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ምርመራዋን ጨረሰችና ለገዢው "ሞተሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው ባለቤቱ ነው" ብላ አስገዛችው። እኔ እትዬ እላታለሁ። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች።

አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤት ሲገባ ቀበቶውን የሚፈታው ሊያርፍ አልነበረም። እትዬ ከፊቴ ትቆምና የእኔን ድርሻ ትቀበልልኛለች፤ እኔ ከጀርባዋ ሆኜ አለቅሳለሁ። ባሰ ሲል እጄን ጎትታ ግቢው ውስጥ የቆመው መኪና ሥር ታስገባኛለች። አባታችን ወገቡን ስለሚያመው ጎንበስ ማለት አይሆንለትም፤ ቆሞ ሲሳደብ ጫማውን እናያለን። መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ሻንሲው፣ ምን እንደሆነ፣ ባሌስትራ የቱ ጋ እንደሚታሰር እትዬ ያወቀችው እዚያ ተኝታ ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት የለም እንጂ ቢኖር ኖሮ አንደኛ ትወጣ ነበር።

ስትመረምር አትቸኩልም። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይሞቅ ትመጣለች፤ ሻጭ አሙቆ ከጠበቃት ሰድባው ትሄዳለች። የዘይቱን ክዳን ትከፍታለች፣ ጎማውን በክሪክ አንስታ ትነቀንቃለች፣ የወንበር ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስባ ጭቃ ትፈልግበታለች፣ ምክንያቱም ጎርፍ የዋጠው መኪና ታጥቦ ቢያበራም ቀበቶው ውስጥ ጭቃ ያስቀራል። ከዚያ በጀርባዋ ተንሸራታ ትገባና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ እየኳኳች ታዳምጣለች። መጨረሻ ላይ የምታደርገው ግን የሷ ብቻ ነው። መኪናውን ድንጋይ ወደሚፈነቀልበት ካባ ቁልቁለት ትነዳዋለች፤ ሻጩ አጠገቧ ካልተቀመጠ አትነሳም። አፋፉ ላይ ስትደርስ የምታየው መንገዱን ሳይሆን የሻጩን እጅ ነው። የበሩን መያዣ ጭምቅ ካደረገ ፍሬን ይዛ ትመለሳለች። ባለቤቱ የፈራውን መኪና እኔ አላስገዛም ትላለች። አንዱ አፋፉ ላይ በሩን ከፍቶ ዘሎ ክንዱ ተሰብሯል፣ ሌላው እየነዳች ሳለ በቡጢ ዓይኗን አሳብጦባታል። በዓመታት ውስጥ ይህ ዘዴ አንድ ቀንም አሳስቷት አያውቅም ነበር።

እኔ በያጅ ነኝ፤ ሱቄ ከመኪና መሸጫው ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። እዚያ ሰፈር መኪና ከሚሸጡት ሁሉ የሚፈራው ጉልቤው የምንለው ሰው ነበር። ይህ ሰው መጀመሪያ በጥፊ ይመታል፣ ቀጥሎ ሰላም ይላል። አንድ ጠዋት ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ሻንሲው የተሰነጠቀ ረጅም አረንጓዴ የመስክ መኪና አመጣልኝ። እንዲህ ያለው ሥራ የነዳጅ ጋኑ ወርዶ፣ ስንጥቁ ተሞርዶ፣ ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ብረት ተደርቦ ነው የሚበየደው። ሁለት ቀን ይፈጃል አልኩት። ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ከሥራ ጠረጴዛዬ ማሰሪያ ብረት ጋር አላተመውና እስከ ቀትር ጨርስ አለኝ። ደሜን ጠርጌ ስንጥቁን ከላይ ብቻ ሰፋሁት፣ ስፌቱን የሚሸፍን ስቱኮ ለጠፍኩበት፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። በቀትር ሲመጣ እንደ ደንቡ ተሠርቷል አልኩት። አመነኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመስግኖኝ ሄደ። ሰውየው ክፉ ነበር፣ ስለዚያ ብየዳ ግን ምንም አያውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

በአሥረኛው ቀን አንዲት ነርስ መጣች። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ መንገድ የሚባል ነገር ከማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ሰዎች በቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ ሁለት እናቶች መንገድ ላይ ሞተውባታል። አረንጓዴው መኪና ዓይኗ ገባ። ከመግዛቷ በፊት ግን እትዬን ጠራች።

እትዬ ሞተሩን ወደደችው፣ ካምቢዮውንም ወደደችው። ሥሩ ገብታ ስትኳኳ ቆየችና መዶሻው ቆመ። "አንተ፣ ና እስቲ" ብላ ጠራችኝ። አጠገቧ ጠጠሩ ላይ ተንጋለልኩ። ቀለሙን በጥፍሯ ፍቃዋለች። እጄን ታውቀዋለች፤ ብየዳ ስማር ከጎኔ ተቀምጣ ስትገስጸኝ የከረመች እሷ ናት።

"ይኼ ያንተ ሥራ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ከውስጥ ደግፈኸዋል?"

ከጎማው ወዲያ የጉልቤው ጫማ ይታየኛል። ፊቴ ላይ ያለው ቁስል ገና አልሻረም። አይ፣ አልደገፍኩትም ብል እዚያው እንደሚረጋግጠኝ አውቃለሁ። አፌን የከፈተው ሰይጣን ነው።

"ደግፌዋለሁ" አልኳት።

"ድምፁ አላማረኝም።"

"አንቺን ይንሳኝ፣ ደግፌዋለሁ።"

ትንሽ አየችኝና መዶሻውን ኪሷ ከተተች። በጆሮዋ ከሰማችው ይልቅ እኔን አመነች።

እትዬ መሪው ላይ ተቀመጠች፣ ጉልቤው አጠገቧ ገባ። ነርሷና እኔ ካባው አፋፍ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። መኪናው ከጫፍ ሲደርስ እትዬ እንደ ልማዷ ወደ ሰውየው ዞር ስትል አየሁ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን አወጣና ያፏጭ ጀመር። ምን ያስፈራዋል? እኔ አስተማማኝ ነው ብዬዋለሁ። መጮህ እችል ነበር። አልጮህኩም፣ እሷም ፍሬኑን ለቀቀች።

መንገዱ አጋማሽ ላይ የግራው የኋላ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ። ብረቱ ሲበጠስ እኛ ድረስ ተሰማ። የመኪናው ጀርባ ወደ ጎን ታጠፈ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ተገለባብጦ ካባው ወለል ላይ በጣሪያው ተደፋ። በአቧራው ውስጥ እየወደቅኩ ወረድኩ። ጉልቤው በመስኮቱ ከወገቡ በላይ ወጥቶ ነበር፤ ጣሪያው ደረቱ ላይ ነው ያረፈው። ነርሷ ደረቱን ለማግኘት እጇን ብትሰድ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ እጇ ሥር ተንኮሻኮሸ። መሞቱን አውቃ ትታው ወደ እትዬ ሮጠች። እትዬ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ መሪው ዳሌዋን ሰብሮ፣ ደሟ በአገጯ ወደ ዓይኗ ይፈሳል። ነርሷን አየቻትና "አትግዢው" አለቻት። ከዚያ ራሷን ሳተች።

በአራተኛው ቀን የጉልቤው ሁለት ወንድሞች ሆስፒታል መጡ። የተበጠሰውን ሻንሲ አይተውታል። ታላቅየው ከኮቱ ሥር የክሪክ ዘንግ ይዟል። ብየዳውን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ የእትዬን የውሃ ኩባያ ይዤ አልጋዋ ራስጌ ቆሜያለሁ።

"አይቼው ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "የበየደውን አላውቅም።"

ታላቅየው ዘንጉን አንስቶ የተሰበረው ዳሌዋ ላይ አሳረፈው። እትዬ ስትመታ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስትጮህ ስሰማ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ደገመው። በጄሶው ላይ ደም ሲወጣ አየሁ፣ አሁንም ኩባያውን ይዣለሁ፣ ውሃው እንኳ አልፈሰሰም። ጥበቃዎቹ መጥተው እየጎተቱ አስወጧቸው። በራሴ አፈርኩ ማለት ያንሰዋል፤ ያን ሰዓት ራሴን ጠላሁት፣ እስካሁንም አልታረቅኩትም።

ሐኪሞቹ ሰፍተዋት ከሄዱ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። ለምን ዋሸኸኝ ትለኛለች ብዬ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

"ስንት ናቸው?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"እንዲህ አድርገህ የበየድካቸው።"

ቆጠርኳቸው። አረንጓዴውን ሳይጨምር ሰባት ነበሩ። ጉልቤው እኔን በማስፈራራት የመጀመሪያው አልነበረም፤ እኔም ስንፍናዬን በፍርሃት አሳብቤ የሠራሁት አለ። ሰባት አልኳት።

"ፈልጋቸው" አለች። "ሳትጨርስ ፊቴ እንዳትመጣ።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። አምስቱን አግኝቻለሁ። የአንዱ ባለቤት ሻንሲውን እሱ ፊት ቆርጬ ሳሳየው የጎን አጥንቴን ሰበረልኝ፤ ዝም ብዬ ተቀበልኩት፣ ስነሳም ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዱን ያገኘሁት ገደል ውስጥ ነው፤ ሰው አልሞተም፣ የሹፌሩ ቀኝ እጅ ግን የለም። እትዬ በምርኩዝ ትሄዳለች ይሉኛል። መኪና እንድታይ የሚጠራት የለም፤ መፍቻ ሰው ገደለች ተብሎ ነገሩ በዚያው ቀርቷል።

ሁለቱ ይቀራሉ። አንዱ ነጭ ነው፣ ረጅም፣ ጣሪያው ላይ መጫኛ አለው። ሁለተኛው ቀይ አጭር ነው፣ የኋላ በሩ ወደ ጎን ይከፈታል፤ ቀለማቸው ተቀይሮም ይሆናል፣ ሁለቱም ግን የተሰነጠቁት እዚያው ቦታ ነው። ያገለገለ የመስክ መኪና ልትገዙ ከሆነ ሥሩ ግቡና ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ኳኩት። የደነዘዘ ድምፅ ከሰጣችሁ ቀለሙን ፋቁት፤ ስቱኮ ካገኛችሁ አትንዱት፣ እኔን ጥሩኝ። የጉልቤው ወንድሞችም ይህን ያነቡ ይሆናል። ያንብቡት፤ የበየድኩት እኔ ነኝ። የት እንደምገኝ ያውቃሉ፣ የምለምናቸው ግን ሁለቱን እስካገኝና የእትዬን በር እስካንኳኳ ድረስ እንዲታገሱኝ ነው።