አሥራ አራት ቤት የዞረችው ቁና

ስሜ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ታትሟል። የመጀመሪያውን ቆቦ ውስጥ ያላሳየሁት ሰው የለም። ሁለተኛውን ያሳየሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ቆቦ ላይ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ክራባትና ከሦስቱም የሚበልጥ ኩራት ነበረኝ። ዝናብ ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከቆላው የሚመጡት ተማሪዎቼ አንድ በአንድ እየቀሩ ክፍሉ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን የስም መጥሪያውን በሚያምር ጽሕፈት እሞላ ነበር።

ሰኔ ላይ ዶክተር ሙሉጌታ የሚባሉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጡ። በየቤቱ የቀረውን እህል ለክተው በአንድ የጥናት መጽሔት ላይ ሊያወጡ ነው። አገሩን የሚያውቅ፣ ቁጥር የማይስት ሰው ፈለጉ። «ቁጥር የማይስት» ሲሉ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት። ከመውረዳችን በፊት አስቀምጠው መከሩኝ፦ ያየኸውን ጻፍ፣ ያላየኸውን አትጻፍ፣ የተጠራጠርከውን ንገረኝ። ሦስቱንም በቃሌ ደገምኩላቸው። እንዲደነቁብኝ ብዬ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያውም ደገምኩት።

የተመረጠችው መንደር ከሮቢት ወደ ቆላው ወረድ ብላ ያለች፣ የእናቴ እህት ሰይዳ የምትኖርባት ናት። ጠቅላላ አሥራ አራት ቤት ነው። ጓዳ የሚዘልቀው የቤት ልጅ ብቻ ስለሆነ ዶክተሩ ደጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ እኔ ገብቼ እለካና እጽፋለሁ።

ከአክስቴ ቤት ጀመርን። ጎታው ባዶ ነበር። ከፊቱ አንዲት ማሽላ የሞላች ቁና ተቀምጣለች፤ ጠርዟ በቀይ ጨርቅ ተጠግኗል።

«ይኸው፣ አልሃምዱሊላህ፣ አለን» አለችኝ አክስቴ፣ ዓይኔን ሳታይ።

አንድ ቁና ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቤት ስገባ ጠርዟ በቀይ ጨርቅ የተጠገነች ቁና አገኘሁ። መንደሩ ቀይ ጨርቅ ይወዳል ማለት ነው ብዬ አለፍኩ፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብያለሁ። ሦስተኛው ቤት ግን ከቁናዋ ጋር መይሙናንም አገኘኋት። መይሙና የአክስቴ ጎረቤት ናት፤ ከጓዳው በስተኋላ ግድግዳ ተደግፋ ታለከልካለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እንግዳ ገብቶ ባዶ ጎታ ካየ ነውሩ የአንድ ቤት ሳይሆን የመንደሩ ነው። ያውም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የሚጽፍ እንግዳ! የቀረቻቸውን እህል አዋጥተው አንዲት ቁና ሞልተዋል። እኛ በፊት በር ሰላምታ ስንለዋወጥ መይሙና በጓሮ ታሻግራታለች።

ወጥቼ «ዶክተር፣ ቁናዋ አንዲት ናት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ሰላምታ አስረዘምኩ። አራተኛው ቤት ላይ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ከሞቱ ወር ስላለፋቸው በሬዎች ጤንነት ጠየቅኩ። ስምንተኛው ላይ መይሙና ስለደከማት የአንዱን ሽማግሌ አማች ደኅንነት ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው!» አሉ ዶክተሩ።

አሥራ አራት ጊዜ «አንድ ቁና» ብዬ ጽፌ፣ ደምሬ፣ ድምሩን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ድምሩ ትክክል ነበር።

ጽሑፉ ኅዳር 1966 ላይ ወጣ። በእንግሊዝኛ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ «ልኬቱን በጥንቃቄ ላከናወኑት ለመምህር ዘይኑዲን ምስጋና ይድረሳቸው» ይላል። መጽሔቱን ይዤ ሻይ ቤት ሄድኩ፣ ፀጉር ቤት ሄድኩ፣ የምገዛው ነገር ሳይኖረኝ ጎብዬ ገበያ ድረስ ወረድኩ። ላገኘሁት ሁሉ ተረጎምኩ። «በጥንቃቄ» የሚለውን ሳይጠይቁኝ እደግምላቸው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት ሴት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ስሜን ጠራች። አላወቅኋትም። ሁለተኛ ስትጠራኝ ነው አክስቴ ሰይዳ መሆኗን የለየሁት። ከመንደር በእግሯ ነው የመጣችው። እንዲያ ከስታ ሳያት እንባዬ መጣ።

«የእርዳታ እህል መጥቶ የሌላው መንደር ስም ተጠራ» አለች። «የኛ ቀረ። እናንተ አላችሁ ተብሎ ተጽፏል አሉን። ስምህ አለበት አሉ። ያኔስ ስምህ ታተመ ሲሉን ደስ ብሎን ነበር፣ ዘይኔ።»

ተያይዘን ወደ እህል አዳዩ ኮሚቴ ጸሐፊ ወደ አቶ አስፋው ሄድን። ያ መጽሔት ጠረጴዛው ላይ ነው። ስሕተት መሆኑን ነገርኩት።

«የሌላው መንደር ነገር በወሬ ነው፤ የናንተ ታትሟል» አለኝ። «የታተመን ነገር በቃል አልሽርም። ጽሑፉን ያሳተመው ሰው ራሱ ይሻረው።»

«የለካሁት እኮ እኔ ነኝ!»

መጽሔቱን ገልጦ ምስጋናዬ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «በጥንቃቄ ይላል።»

በቀጥታ ቴሌግራም ልልክ ሄድኩ። በመጀመሪያ «ሕዝቡ አታለለኝ» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ ከጎኔ ቆማ ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም አፈርኩና ሰረዝኩት። የተላከው «ቁናዋ አንዲት ናት። መንደሩ ባዶ ነው። እያወቅኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለው ነው።

ዶክተር ሙሉጌታ በአራተኛው ቀን ከአውቶቡስ ወረዱ። ሰላምታ አላስረዘሙም።

«መቼ አወቅክ?»

«ከሦስተኛው ቤት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንግዳ ነዎት፤ አፈርኩ።»

«ይህ ጽሑፍ ለማዕረግ ዕድገቴ ያቀረብኩት ነው» አሉ። ቀጠሉና «እኔም ብሆን ደጅ ተቀምጬ ያላየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉ። ወደ ኮሚቴው ሄደን አቶ አስፋውን ብዕር ለምነው የመንደሩን ቁጥር መሻራቸውን እዚያው ጽፈው ፈረሙ። ያንኑ ገልብጠው ለመጽሔቱ ላኩ። እህሉ ጥር መጀመሪያ ላይ ወደ መንደሩ ወረደ።

እርማቱ የታተመው ሚያዝያ ላይ ነው፤ አራት መስመር ነው። «በአሥራ አራቱ ቤት የተገኘው እህል በጠቅላላው አንድ ቁና ነው። ስሕተቱ የለኪው የመምህር ዘይኑዲን ነው» ይላል። ሻይ ቤት አልሄድኩም። ጎብዬም አልወረድኩም። ለአክስቴ ላነብላት መንደር ሄድኩ። እህሉ ትንሽ መልሷታል። ደጇ ላይ ተቀምጠን ቃል በቃል ተረጎምኩላት፤ ስሜ ያለበትንም አልዘለልኩም።

«ስንት ቤት አልክ?» አለችኝ።

«አሥራ አራት።»

ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። «ዘጠኝ ነን እኮ። እህሉ ሳይደርስ አምስቱ ቤት ተዘጋ። የመይሙናም ተዘግቷል። እሱንም ጻፍላቸው።»

ተነሥቼ አምስቱንም ደጅ ዞርኩ። ሰላም የምለው ሰው አልነበረም። ተመልሼ እሷ ደጅ ላይ ተቀምጬ፣ በየቤቱ የነበሩትን ሰዎች ስማቸውን እየጠየቅኳት ጻፍኩ፤ መይሙናን ከሁሉም በላይ አደረግኋት። በማግስቱ ከቆቦ ወደ መጽሔቱ ላክሁት።

እሱ አልታተመም።