ስኮርታ የተባለው ክር

ጊታሬ ሸዋ ሮቢት የገባችው በከባድ መኪና፣ ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ባለችው አልጋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነው። ሹፌሩ አባቴ ነበር። ብርድ ልብስ እኛ ከተማ ሌላ ጥቅም ሲሰጥ አይቼ አላውቅም፤ የእኛ አገር ሰው የሚሸፋፈነው ትንኝ ፈርቶ እንጂ በርዶት አይደለም። አባቴ ጥቅልሉን አውርዶ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ የሽቦ አልጋው ላይ አጋደመውና፣ እንደ ልማዱ ሦስተኛው ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ና! ያልከውን አምጥቼልሃለሁ!" አለኝ።

ያልኩት ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከተማው በባጃጅ ተጥለቅልቋል፤ እኔ ደግሞ ትምህርት ጨርሼ እናቴን ምግብ ቤቷ ውስጥ አግዛለሁ እያልኩ ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ክራር ተውሼ እደበድባለሁ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ ጊታር ወጣች። ክሮቿን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

"አባዬ፣ ሰባት ክር እኮ ነው ያላት።"

"አውቃለሁ!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "በስድስቱ ዋጋ ነው ሰባቱን ያመጣሁልህ። ሻጩ ራሱ አልቆጠረውም።"

"ሰባተኛው ምን ይሠራል?"

ጥያቄው ራሱ ገረመው። "ስኮርታ ነዋ!"

ስኮርታ ማለት ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ የሚሄደው ትርፍ ጎማ ነው። ከተማችን በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለች፣ ሹፌር ምሳ የሚበላባት፣ ረዳት ጎማ የሚቀይርባት ስለሆነች፣ ያለ ስኮርታ የሚጓዝ ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረባትም። እኔም አላሰብኩም። የሰፈራችን ክራር ስድስት ክር ነው ያለው፤ በቴሌቪዥን ያየሁት ጊታር ሁሉ ስድስት ነው። ስለዚህ የአባቴ ነገር ፍጹም ልክ መሰለኝ። ወፍራሙን ክር ፈታሁት፣ እንደ ቀለበት ጠቀለልኩት፣ በፌስታል አድርጌ ከአልጋዬ ሥር ወረወርኩት። አንዱ ሲበጠስ ይገባል ብዬ።

የቀሩትን ስድስቱን እንደ ክራር ቃኘኋቸው። ጊታሯ በአንዲት ትንሽ ያረጀች የድምፅ ማጉያ ላይ ተሰክታ ስትንጫረር የሰፈሩ ውሾች ተቃውሞ ነበራቸው፣ እኔ ግን ገነት ገባሁ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ስለ ጨዋታዬ አንድ ቃል እንዲናገር።

አባቴ አስተያየት የማይሰጥበት ጉዳይ አልነበረም። የጎረቤታችን ማሾ መቼ መታጨድ እንደነበረበት ያውቃል። ባጃጅ መኪና ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ይከራከራል። ስለ እኔ ጊታር ግን ምንም። ከጉዞ ሲመለስ ኒሙ ሥር ጋደም ይላል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጫወታለሁ፤ እሱ ጣቶቼን እያየ ፈገግ ይላል። ስጨርስ ትንሽ ይጠብቅና፣ "ሻይ አለ?" ይላል።

ትዝታ ሞከርኩ፣ ሻይ አለ። ባቲ ሞከርኩ፣ ሻይ አለ። አምባሰልን እንባ እስኪያመጣ አለሳልሼ ስጫወትለት ጭራሽ ስኳር ጨምሩበት አለ። እናቴን ጠየቅኳት። "ተወው፣ ደክሞት ነው፤ ሹፌር ምን ጊዜ አለው?" አለችኝ። እኔ ግን ሰውየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል ብዬ ከልቤ ተቀየምኩ። ከልብ መቀየም ደግሞ በዚያ ሙቀት ቀላል ሥራ አይደለም።

የሚያናድደኝ ደግሞ አባቴ ጆሮው የታወቀ ሰው መሆኑ ነበር። መኪናው ሲታመም ረዥሙን ካቻቢቴ ያወጣል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ሁለተኛዋ ፒስተን ናት" ይላል፤ ሲከፈት ሁለተኛዋ ናት። ሌሎች ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው "ስማልን" ይሉት ነበር። ብረት ከብረት ጋር የሚያወራውን የሚሰማ ሰው የገዛ ልጁን ጊታር እንዴት አይሰማም? እንዲያውም ጩኸት አልወድም ብሎ ስልኩን ሁልጊዜ ንዝረት ላይ አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር የሚይዘው። ጩኸት የማይወድ ሰው እንዴት እንደዚያ እንደሚጮህ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም። ሹፌር ሁሉ ይጮሃላ።

በዚህ መሀል የእህቴ ሠርግ ቀን ተቆረጠ፤ ከፋሲካ በኋላ። እህቴ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች፣ "ከቤት ስወጣ፣ የአባዬን ጉልበት ስስም፣ አንተ ነህ የምትጫወትልኝ" አለችኝ።

"ክራር የሚጫወት ሰው አምጡ።"

"ወንድም እያለኝ?"

እሺ አልኩ። ሌሊት ተኝቼ፣ የሠርጉ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እኔ የመጨረሻዋን ክር ነክቼ ሳቆም፣ አባቴ በዚያ ድምፁ "ሻይ አለ?" ሲል ታየኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ የቆላው ላብ አልነበረም።

ሠርጉ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወደ ደሴ የሚሄዱ ሙዚቀኞች ሚኒባሳቸው ግሎባቸው እናቴ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሙ። ሞተሩ እስኪበርድ ሽሮ አዘዙ። ከመካከላቸው ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ረዥም ሰውዬ ግድግዳው ላይ የሰቀልኳትን ጊታሬን ትክ ብሎ አያት።

"ወንድም፣ ሰባተኛው ክር የት ሄደ?"

"ቤት አለ" አልኩት በኩራት። "ስኮርታው ነው።"

"ምኑ?"

"ስኮርታው። አንዱ ሲበጠስ የሚገባው።"

የጎረሰው ሽሮ ትን አለው። ጓደኞቹ ጀርባውን ሲመቱለት፣ ውኃ ሲያጠጡት ቆዩ። ትንፋሹ ሲመለስለት እንባውን ጠርጎ፣ "እሺ፣ መኪና ማንሻው ክሪኩስ የት አለ?" አለኝና እንደገና ተንፈራፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲበቃው ግን አጠገቡ አስቀመጠኝና በደንብ አስረዳኝ። ትርፍ አይደለም አለኝ፤ ከሁሉም በታች የሚወርደውን ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሌሎቹ የሚቆሙት እሱ ላይ ነው። ሲሄዱ በሚኒባሱ መስኮት ብቅ ብሎ፣ "ስኮርታህን ግጠም!" ብሎ ጮኸልኝ። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ሰማ።

ሮጬ ገባሁና ፌስታሉን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ክሩ ዝጓል። ገጠምኩት፤ ገና ሲጠብቅ ጧ ብሎ ተበጠሰ። እልህ ያዘኝና ባጃጅ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ከፍሪስዮን ገመድ ውስጥ አንዷን ሽቦ መዝዤ ገጠምኩ፤ ድምፁ እንደ ትራስ ዱፍ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው፤ የኔማ ሳልሮጥም ይፈታ ነበር። በመጨረሻ ስልኩን ትቶልኝ ለሄደው ቤዝ ተጫዋች ደውዬ ለመንኩት፤ ደግ ሰው ነበርና አዲስ ክር ገዝቶ በአውቶቡስ ረዳት በኩል ላከልኝ።

አዲሱ ክር ሲገባ የጊታሯ ሌላው ጉድ ሁሉ ወጣ። ቀን ቀን ሙቀቱ ሲበረታ መቃኛዎቹ ይላላሉ። ከላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ፕላስቲክ ተጣምማለች። ወፍራሙን ክር ስነካው ደግሞ የሚወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚያወራ ነው የሚመስለው። ያኔ ነው ጊታሯን ተሸክሜ ሬዲዮ ጠጋኙ ሽማግሌ ዘንድ የሄድኩት። እሳቸው ለወጣቶች የጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ በተሠራው የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ የሚሠሩ ብቸኛው አዛውንት ነበሩ፤ እንዴት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

"ጋሼ፣ ይቺ ነገር ድምፅ አልሰጥ አለችኝ።"

"እስቲ ክፈታት።" ሆዷን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። "ቸኩለው ነው የሠሯት። እኛ ደግሞ አንቸኩልም።"

እውነትም አልቸኮሉም። ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚለቅመውን ማግኔት አውጥተው፣ ከአሮጌ ሬዲዮ በወጣ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ እንደገና ጠመጠሙት። ሽቦው ሲበጠስ፣ "በል እንግዲህ" ይሉና ከሀ ይጀምራሉ። እኔ በዚያ በኩል ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም አምጥቼ፣ በሞረድ ሞርጄ፣ ሰባት ጎድጓዳ አወጣሁለትና በተጣመመችው ፕላስቲክ ቦታ ተከልኩት። ሁለት ቅልጥም አበላሽቻለሁ፤ ውሾቹ ከጊታሯ ጋር የታረቁት ያኔ ነው። ለመቃኛዎቹ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጫጭን ቀለበት ቆርጠን ሥራቸው አስገባንላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አልላሉም። ጋሼ በመጨረሻ ካሴት ሲቀር ከተዘጋ ሙዚቃ ቤት የገዙትን ትልቅ ስፒከር ከጓዳ ጎትተው አወጡ። አናጢ ዘንድ ሣጥን አሠራንለት።

"ጋሼ፣ ከፋብሪካ የቀረላት ቀለሟ ብቻ ሆነ እኮ" አልኳቸው።

"ቀለሟም ቢሆን ደስ አላለኝም" አሉ።

አባቴ በየጉዞው መሀል ብቅ ሲል ጊታሯ ወይ ሆዷ ተዘርግፏል ወይ አንገቷ እጄ ላይ ነው። "ይቺ ነገር ከጋራዥ የምትወጣው መቼ ነው?" ይለኝ ነበር። ስለ ጥገናው ተናገረ፤ ስለ ጨዋታው አሁንም ምንም።

የሠርጉ ዕለት ግቢያችን ዳስ ተጣለ። የስፒከሩን ሣጥን ዳሱ ጥግ አስቀመጥኩት፤ መብራት ቢጠፋ ተብሎ በውሰት የመጣው ጄኔሬተር አጠገቡ ነበር። መብራት እንደ አጋጣሚ አልጠፋም። አባቴ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ የከረመ ሱፉን ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ላቡን እየጠረገ ተቀምጧል። ሙሽራው ሳይደርስ ልሞክራት ብዬ ወፍራሙን ክር ብቻ ነካሁት። ከባድ መኪና የጣርማበርን ቁልቁለት በማርሽ ይዞ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ደስ አለኝ። ደገምኩት።

አባቴ ብድግ አለ።

"ያ ጄኔሬተር ይንተባተባል!"

በር ላይ ወደቆመው መኪናው ሄዶ ረዥሙን ካቻቢቴ ይዞ መጣ። በሱፉ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ጄኔሬተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አደረገ። ጄኔሬተሩ ጠፍቷል፤ ቀዝቃዛ ነው። ግንባሩን ቋጠረ። እኔ ግራ ገብቶኝ ክሩን እንደገና ነካሁት። ቀና አለ። ካቻቢቴውን አንስቶ የስፒከሩ ሣጥን ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ።

"ምታ" አለኝ።

መታሁ። ፊቱ ላይ ሞተር ሲያዳምጥ የማየው ያ ትኩረት መጣ። ዳሱ ውስጥ ወሬ ቆመ፤ የሙሽሪት አባት ሣጥን እያዳመጠ ማን ያወራል? እኔም ልቤ ሞቅ አለና ወደ ስድስተኛው፣ ወደ አምስተኛው እያልኩ፣ ለእህቴ ያዘጋጀሁትን ዜማ ይዤ ወደ ቀጫጭኖቹ ወጣሁ። እኔ በወጣሁ ቁጥር ከፊቱ ላይ የሆነ ነገር እየደበዘዘ ሄደ። የመጨረሻዋን ቀጭን ክር በኃይል እየመታሁ ሳለ ዓይኑን ገለጠ።

"ለምን አቆምክ?" አለኝ።

አላቆምኩም ነበር።

እጄ ክሩ ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ጩኸቱ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ የምትንዘፈዘፈው ስልክ፣ ያ ሁሉ ሻይ፣ በአንድ ጊዜ መጡብኝ። የሞተሩ ጩኸት ስንት ዓመት ሙሉ ከጆሮው ላይ እየሸረፈ ሲወስድ እኛ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን አላወቅንም።

"አባዬ፣ ቀጫጭኖቹ አይሰሙህም?"

"እነሱማ ከጠፉኝ ቆዩ።" እንደ ቀላል ነገር ትከሻውን ነቀነቀ። "እስከ ዛሬ ጣትህን ነበር የማየው። ጣትህ ጎበዝ ነው።"

ዓመት ሙሉ የጠበቅኳት ቃል ይቺ ነበረች። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ አላፈርኩበትም። አባቴ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረውም፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፣ "ስኮርታ ነው ብዬው አልነበር? ስኮርታ የሚፈለገው ሌላው ሲተነፍስ ነዋ!" እያለ ያስረዳቸዋል።

እህቴ ስትወጣ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ በዚያች በአንዲቷ ክር ብቻ ተጫወትኩ። አንዱ ሚዜ ጠጋ ብሎ፣ "ሌሎቹ ተበጥሰውብህ ነው?" አለኝ። አባቴ ወንበሩን ሣጥኑ አጠገብ አስጠግቶ፣ ካቻቢቴውን በግራ እጁ እንደያዘ፣ ጉልበቱን የምትስመውን ልጁን በቀኝ እጁ ራሷን እየዳበሰ መረቃት።

መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እያንባረቁ ሄዱ። ዳሱ ውስጥ እናቴ ሻይ አቀረበችለት። በእጁ ምልክት መለሳትና፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ እንዳደረገ፣ ሦስተኛው ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣

"ድገማት!" አለኝ።