ሲሊኮኑ ሳይደርቅ

አባቴ አያት ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ የመጣው ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና ንግግሩን ከወሰደበት በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማረ ሰው ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ቃል አጣ። የንግግር ሐኪሟ ዓይኑ የሚከተለው ነገር ፈልግለት ስትለኝ ሰባት ቀያይ ዓሦች ከነገንዳቸው ገዛሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ግራ እጁን ወደ ገንዳው ዘርግቶ "አንድ" አለ። ሰባት ለመድረስ ግማሽ ዓመት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይቆጥራቸዋል፤ ሲጨርስ ልክ ነው እንድለው ዞሮ ያየኛል። ከነዚህ ሰባት ቃላት ሌላ ቃል አልነበረውም።

ከገንዳው ሥር ሌላ የመስታወት ሳጥን አለ። የቆሸሸው ውሃ ወደሱ ወርዶ በስፖንጅ ይጣራና ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይሄ ሳጥን ከማዕዘኑ ማፍሰስ ጀመረ። እኔም ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነኝና መስታወት የሚያጣብቅ ሲሊኮን ገዝቼ በአሮጌው ላይ ደረብኩበት። ሁለት ቀን ሳይሞላው ተላጠ። ተሸክሜው ሰሚት ወዳለ መስታወት ቆራጭ ሄድኩ። ሰውየው አገላብጦ አየውና ሳቀብኝ።

"ሲሊኮን ሲሊኮን ላይ አይይዝም ወንድሜ። አሮጌውን በምላጭ ፍቀህ አውጣው። አዲሱን ከቀባህ በኋላ ደግሞ ሳምንት ውሃ እንዳታስነካው።"

"ሳምንት ሙሉ?"

"እንደ አቼቶ የሚሸተው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ።"

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ፍቄ ቀባሁት። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ነው፣ ያውም ከመጣ። ያለፈው ሐሙስ ቀርቶብናል። በርሜሉ ውስጥ የቀረው አባቴን ለማጠብ እንኳ አይበቃም። ማጣሪያ ያጣው ገንዳ ቢጫ ሆኗል፣ ዓሦቹም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ሐሙስ ጠዋት ቧንቧው አየር ሲተፋ ሰማሁ። ደረጃው በጀሪካን ኳኳታ ተሞላ።

ጎንበስ ብዬ ሳጥኑን አሸተትኩት። የአቼቶ ሽታው አልጠፋም። በጣቴ ስነካው ግን ላዩ ደርቋል። ይህ ውሃ ካለፈኝ ሌላ ሳምንት ነው፣ ምናልባትም ሁለት፤ ዓሦቹ ደግሞ ያን ያህል አይቆዩም። እዚህ የኖረ ሰው ውሃ ሲመጣ ማሰብ ያቆማል፤ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል። እኔም ገንዳውንም ሳጥኑንም ሞልቼ ፓምፑን ሰካሁ።

አርብ ውሃው ደፈረሰ፣ ሁለቱ በጎናቸው ተንጋለሉ። ፓምፑን ነቅዬ፣ ለአባቴ ያስቀመጥኩትን ውሃ ሳይቀር እየገለበጥኩ ስቀይር ዋልኩ። ቅዳሜ ማለዳ ሰባቱም ሞተው አገኘኋቸው። ሲሊኮኑ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፤ የገደላቸው ሳይደርቅ ወደ ውሃው የለቀቀው መርዝ ነው። ሳጥኑን በእግሬ ልሰብረው ነበር።

አባቴ ሳይነቃ አወጣኋቸው። ቁርሱን ካበላሁት በኋላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ገፋሁለት፤ እሱ ግን በደህናው እግሩ ወለሉን እየረገጠ ወደ ገንዳው ዞረ። እጁን ዘረጋ። ባዶውን ውሃ በዓይኑ ፈተሸ።

"የለም" አለ።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሐኪሟ በስልክ ስነግራት ደስ አላት፤ አዲስ ቃል ጥሩ ምልክት ነው፣ አበረታታው አለችኝ። ይህን ቃል እንዴት አድርጌ እንደማበረታታ አልጠየቅኳትም።

ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠብቄ፣ ሳጥኑንም ደጋግሜ አጥቤ፣ ከቦሌ ሌሎች ሰባት ቀያይ ዓሦች አመጣሁ። ውሃው ጥርት ብሏል። ወንበሩን ገንዳው ፊት አቆምኩና አጠገቡ ተንበረከክሁ።

"አባባ፣ እስቲ ቁጠርልኝ።"

የሚያውቀውን እንደሚፈልግ ሰው ዓሦቹን አንድ በአንድ ተከተላቸው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

"የለም" አለኝ።