የባክቴሪያ አጥር

ትናንት ለእህቴ የታዘዘላትን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት፣ የክሎክሳሲሊን ካፕሱል ዕቃ ስከፍት፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እጄ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። ለእኔ የመድኃኒት ሽታ ብቻ አይደለም፤ የእንጅባራ ክረምት፣ እርጥብ ቀርከሃና የፈረስ ላብ አብረውት ይመጣሉ።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ያጣሁበት ዓመት ነበር። አጎቴ ጋሼ ይስማው ቤት ተቀምጬ፣ የመጀመሪያ ገጾቹ የተገነጠሉበትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ብቻዬን አነብ ነበር። ስለ ባክቴሪያ ግድግዳ የሚያወራው ምዕራፍ ግን አልገባኝ አለ። ግድግዳው ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶችና እነሱን እርስ በርስ የሚያስሩ አጫጭር የፕሮቲን ድልድዮች ናቸው ይላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ እዚያ ውስጥ ሆኖ ያድጋል። ግድግዳው ከጠበቀ እንዴት ያድጋል? ከላላስ፣ የውስጡ ውኃ እየገፋው እንዴት አይፈነዳም?

መልሱ ደጅ ነበር። ጋሼ ይስማው የታወቁ የቀርከሃ አጥር ሠሪ ናቸው። ቤተሰብ በዝቶ ግቢ ሲጠብ ነባሩን አጥር አያፈርሱም፤ ጅብ አለ፣ በጎቹም ይወጣሉ። ጥቂት ማሰሪያ ይፈታሉ፣ አዲስ የቀርከሃ ስንጥቅ ያስገባሉ፣ ወዲያው ያስራሉ፤ እንዲህ እያሉ ግቢው ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ አጥሩ ግን አንድም ሌሊት ክፍት አያድርም።

በዚያው ክረምት የቀርከሃ ስንጥር ቀኝ አውራ ጣታቸው ውስጥ ገብቶ እጃቸው እስከ አንጓው አበጠ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክሎክሳሲሊን ሰጠቻቸውና፣ ካልዳነ ጣቱ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረቻቸው። ያለ አውራ ጣት ቢላ አይጨበጥም፣ ማሰሪያም አይጠብቅም። ይሁንና እብጠቱ ጎደል ሲል መድኃኒቱን መዋጥ ተዉ። አንድ ጠዋት በረት ስገባ፣ ካፕሱሉን እየከፈቱ ዱቄቱን ኮርቻ በላጠው የፈረሳቸው ጀርባ ላይ ሲነሰንሱ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እኔ ድኛለሁ። እሱ ደግሞ ነርስ የለውም።»

መድኃኒቱ አጥር ሰባሪ እንዳልሆነ፣ የሚይዘው የአሳሪውን እጅ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ባክቴሪያው ለማደግ ይፈታል፣ አዲሱን ያስገባል፣ ማሰር ግን ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ የውስጡ ውኃ ገፍቶ ያፈነዳዋል። ዝርዝር ስለምወድ፣ የአንዳንዶቹ ግድግዳ ወፍራምና ድርብርብ እንደሆነ፣ የሌሎቹ ግን ስስ ሆኖ ከላዩ የስብ ሽፋን እንዳለውም ጨመርኩ።

«እህ፣ የሳሳ አጥር ላስቲክ እንደማልበስ» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ከፈረሱ ጀርባ አነሱ። «ዛሬ አጥር የማይሠራው ባክቴሪያስ? አርፎ የተቀመጠው?»

«እሱን እምብዛም አይነካውም። ሥራ የሚጀምረው እርስዎ መድኃኒቱን ሲያቆሙለት ነው።»

ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ለፈረሱ በአገውኛ አንድ ነገር አሉት፣ ይቅርታ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያም ጋቢያቸውን ደርበው «ና፣ ጤና ጣቢያ አድርሰኝ» አሉኝ። ነርሷ እንደ ልጅ ተቆጣቻቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ አዲስ የሰጠቻቸውንም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጡ። ጣታቸው ተረፈ። ጥፍሩ ብቻ ጠማማ ሆኖ በቀለ።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ግቢው ሁሉ በቆርቆሮና በብሎኬት ታጥሯል። ቆርቆሮ እየፈቱ የሚያሰፉት አጥር አይደለም፤ መሬቱም ቢሆን የሚሰፋበት የለም። እኔም መጽሐፍ ሲከብደኝ ወጥቼ የማየው ሥራ ቀርቶብኛል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ጋሼ ይስማው ጓሮ ውስጥ አጥር ሲሠሩ አገኘኋቸው፤ እጃቸው እንደ ድሮው ፈጣን ነው። የማን ትእዛዝ እንደሆነ ስጠይቃቸው ቀጣዩን ስንጥቅ አስገቡ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ያሰሩትን ሁሉ ፈትተው ቀርከሃውን ግድግዳ ላይ አስደገፉት።

«ምነው ፈቱት ጋሼ?»

«ጣቴ እንዳይረሳ ነው» አሉ፣ ማሰሪያውን ለነገ እየጠቀለሉ።