ከፎቶው ያልወጣው ጥላ

ወገኖቼ... የምናዘዘው ነገር ስላለኝ እስቲ ኮፍያ ያደረገ ያውልቅ። ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ቆቦ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ አጥፍቻለሁ። በጣቴ።

ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ማታ ራት ላይ የእኔን ድርሻ ሥጋ ጭምር በልተዋል። ያጠፋኋቸው ከፎቶ ላይ ነው። ጉዱ ግን ማጥፋቴ ሳይሆን... ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ወንድሜ መልአኩ አርክቴክት ነው፤ የሚሠራው ደሴ ነው። ባለፈው ክረምት ያረፉትን የአያታችንን ቤት ያደሰው እሱ ነው። ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ጣሪያው አፈር የለበሰ የድሮ ህድሞ። አጎቶቻችን ደግሞ አፍርሰው ሱቅ ሊደረድሩበት ቆርጠዋል። አንደኛው ጎብዬ ከተማ ላይ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ዓለም ሁሉ ሱቅ መስሎታል። መልአኩ ለምኖ ለምኖ አንድ ቃል አገኘ፦ ቤቱ በሥነ ሕንፃ ሽልማት ውድድር ለመጨረሻው ዙር ከታጨ አይነካም፤ ካልታጨ ዶዘር ይገባል።

የማመልከቻው መዝጊያ ትናንት ነበር። ሁሉም ተሟልቶ አንድ ፎቶ ቀረ... ቀትር ላይ ፀሐይ በጣሪያው የጭስ መውጫ ገብታ መደቡ ላይ ስታርፍ የሚያሳይ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ። እሱን አንስቼ በስልክ መላክ የእኔ ሥራ ሆነ። ቀላል ነበር... አያ ገብሩ ባይኖሩ።

አያ ገብሩ የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አያቴ ካረፉ ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ እየመጡ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቤቱ በቀትር ባዶውን ከዋለ ባለቤቱ ተመልሶ ይገባበታል ይላሉ። ሌላም ሕግ አላቸው፦ በቀትር ስምሽ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» አትበዪ፤ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ያ ሌላው ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጠራ። እውነቱን ለመናገር እናቴ ልትልከኝ ስትጠራኝ ስንቴ ያመለጥኩት በዚህ ሕግ ነው።

«አያ፣ ለአንድ አፍታ ውጡልኝ፤ ፎቶው ሰው አይፈልግም።»

«ሰው የማይፈልግ ፎቶ ምን ያደርጋል?»

«ዳኞቹ ቤቱን ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ሰው የሌለበት ቤትማ መቃብር ነው። በይ አንሺ፤ ኮቴን ልቆልፍ።»

ቆለፉ። ጢማቸውን በምራቅ አስተካከሉ። ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው አገጫቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ያዙ። ፀሐይዋ ከመደቡ ልትወርድ ነው... ምን ላድርግ? አነሳኋቸው።

ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ያልተፈለገ ነገር ከፎቶ የሚያጠፋውን አፕ ከፈትኩ። የቆቦ ቀትር ታውቁታላችሁ፤ ውሻው እንኳ የቆመ ባጃጅ ሥር ገብቶ ተኝቷል፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። በጣቴ ዙሪያቸውን ከበብኩ... እልም። ኮቱም፣ ጢሙም፣ ኩራቱም። መደቡ ንጹሕ ሆነ።

ግድግዳው ላይ ግን ጥላቸው ቀርቷል።

እሱንም ላጠፋ ፎቶውን ሳሰፋው ነው ጉዱን ያየሁት። አያ ገብሩ የተነሱት ተቀምጠው ነው። ጥላው ቆሟል። ከዘራ ተደግፎ ቆሟል። አያ ገብሩ ደግሞ ከዘራ ይዘው አያውቁም፤ «የሽማግሌ ነው» ይላሉ፣ ሰባን ያለፉት ሰውዬ። ባለ ከዘራው አያቴ ነበሩ። ከዘራውንም ከተስካሩ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተነዋል።

አጠፋሁት። አፑ የግድግዳውን ድንጋይ እንደ ሊጥ አቀላቀለው እንጂ ጥላው እዚያው ነው። ወደ ነበረበት መልሼ ደገምኩ... እዚያው ነው። መጀመሪያ ያነሳሁትን ልየው ብል፣ ለካ ያረምኩትን በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ የለም። እንደገና እንዳላነሳ ፀሐይዋ ከመደቡ ወርዳለች።

ስልኩ ጠራ። መልአኩ ነው።

«ትርሐስ፣ ሊዘጋ ነው እኮ፤ ላኪው እንጂ።»

«ፎቶው... ሰው ያለበት መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምንድን ነው? አለ ወይስ የለም?»

ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። አያ ገብሩ ከቤት ወጥተው በትከሻዬ በኩል ስልኩን እያዩ ነው። ጥሪውን ዘጋሁት።

«እኔ የታለሁ?» አሉ።

«አያ... ዳኞቹ ሰው አይኑርበት ስላሉ ነው።»

ስልኩን ተቀበሉኝ። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ቁጣ ስጠብቅ ድምፃቸው ቀጠነ።

«እኔን አጥፍተሽ እሱን ተውሽው?»

«ማንን?»

«ወንድሜን ነዋ። አቋቋሙን አጣዋለሁ እንዴ?»

«እንግዲያማ ይሄ ፎቶ አይሆንም አያ። ሰው መኖር የለበትም።»

ትንሽ አሰቡ። «ሰው አይኑርበት አይደል ያሉት? እሱ አሁን ሰው አይደለም። ላኪው። ቤቱ የሱ ነው፤ ራሱ ይሟገትለት።»

ላክሁት። ወዲያው መልአኩ ጻፈ፦ «ደረሰ። ያቺ ጥላ ግን ለቤቱ ነፍስ ሰጠችው። በምን አመጣሻት?»

ላነብላቸው ቀና ስል አያ ገብሩ የቤቱን በር ትክ ብለው እያዩ ነው። ያኔ ነው ለሁለታችንም እኩል የገባን... እሳቸው እኔን ሊያዩ ወጥተዋል። ቀትር ነው። ቤቱ ባዶ ነው።

ጫማዬን አንጠልጥዬ ወደ ግቢው በር እንደ ሌባ ሹልክ ልል አንድ እግሬን ሳነሳ፣ ከውስጥ፣ ከመደቡ በኩል፣ የማውቀው ጎርናና ድምፅ፦

«ትርሐስ።»

አያ ገብሩ አፌን በመዳፋቸው ከደኑት።

እና ወገኖቼ... በዚያ ሕግ ስቀልድ የኖርኩት ልጅ፣ ሁለተኛውን ጥሪ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።