የካሣነሽ ስልክ ፊት

ካሣነሽ ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩን የላከችላት ዓረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጇ ገነት ናት። ፊቱ ላይ ከተደረደሩት ሥዕሎች ካሣነሽ የምትለየው ኢሞ የሚባለውን ብቻ ነበር፤ እሱም ሲጮህ ነካ ስታደርገው የልጇን መልክ ስለሚያሳያት ነው። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ገነት ትደውላለች። ካሣነሽም ስልኩን ይዛ በግቢው እየዞረች ጥጃዋን፣ የገብሱን ክምር፣ አጥር ሥር ፀሐይ የሚሞቀውን ባሏን ዳኛቸውን ታሳያታለች። ዳኛቸው ከስልክ ጋር መነጋገር ያሳፍረዋል። ገነት «አባዬ፣ እስቲ ጥርስህን አሳየኝ» ስትለው አፉን በጋቢው ይሸፍናል።

ዳኛቸው ኅዳር ላይ ገብስ እያጨደ ወደቀ። በቃሬዛ ቤት አስገቡት፤ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው መኪና ሲፈለግ ሞተ።

ከቀብር መልስ መጀመሪያ የተነሣው ጉዳይ የገነት መርዶ ነበር። በአገራቸው በጋይንት መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርስበታል፤ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዱን ይይዙታል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ገነትን በባዕድ ቤት ማን ይይዛታል? የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ ተክለ ማርያም ነገሩን ቆረጡት፤ ልጅቱ ውሏን ጨርሳ ሰኔ ላይ ትገባለች፣ እስከዚያ አትስማ፣ ስትመጣ ከወገኗ መሀል ታለቅሳለች አሉ። ሁሉም ተስማማ። የጠየቀችው ካሣነሽ ብቻ ናት።

«አባ፣ ይህን ጥቁር ለብሼ እንዴት እታያታለሁ?»

«ድምፅሽን ትስማ፣ ወለተ ማርያም። መልክሽ ይቆያት» አሏት በክርስትና ስሟ ጠርተው።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ጥበቡ የሚባል የስልክ ጥገና ሱቅ ያለው ሰው አለ። ካሣነሽ በገበያው ቀን ሄዳ ስልኩን ስትሰጠው ልብሷን አይቶ፣ ነግራው ሳትጨርስ ገባው። በዚያ አካባቢ ዓረብ አገር ልጅ ያላከ ቤት ጥቂት ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ መጥቶለታል። ከስልኩ ፊት ላይ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አነሣ። የሚጠፋውን አጠፋ፤ የማይጠፋውን ከኋላ ደበቀ። ከሥዕሎቹ ጀርባ የነበረውን የአበባ ምስል አውጥቶ ጥቁር አደረገው። መሀሉ ላይ የገነትን ፎቶ ብቻ በትልቁ አስቀመጠ፤ ሲነካ በድምፅ ይደውላል። በመጨረሻ ኢሞው ካሜራውን እንዳይጠቀም ከለከለው።

«እትዬ፣ አሁን ቢሳሳቱ እንኳ አይታዩም» አላት። «ወድቆ ካሜራው ተሰበረ ይበሏት።»

ስልኩ ቀለላት። ራሷ መደወል የቻለችው ያን ጊዜ ነው። የከበዳት ሌላው ነበር። ከመደወሏ በፊት ውኃ ትጠጣለች፣ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ካለ ዝም እንዲል በእጇ ትጠቁማለች። ዳኛቸው አንድ ጊዜ ከብት ውኃ ሊያጠጣ ወርዷል፤ አንድ ጊዜ ንፋስ መውጫ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፤ አንድ ጊዜ ለንግሥ ቤተ ልሔም ደብር ሄዶ አድሯል። ገነት እያንዳንዱን ሰምታ «ሰላም በይልኝ» ትላለች። ካሣነሽም «እሺ» ትላለች።

አንድ እሑድ ገነት ስለ አባቷ አልጠየቀችም። ካሜራው እስካሁን አልተሠራም ወይ አለች። ካሣነሽ፣ ሠሪው ዕቃ ከጎንደር እስኪመጣለት ነው ብላ መለሰች። ገነት በጎረቤት ቤት ስለምትሠራ ዓለምጸሐይ ስለምትባል የስማዳ ልጅ አወራች። የዓለምጸሐይ እናት ካሜራ ዓምና ተሰብሮ ነበር። ልጅቱ ለዕረፍት አገሯ ስትገባ ክንዷን ይዘው ከመኪና አወረዷት። እዚያ ያሉ የአገር ልጆች አሁን ካሜራ ተሰበረ ሲባሉ ማን እንደሞተ ነው የሚጠይቁት።

«እማዬ» አለች፣ «ምስል ይቅርብኝ። አባቴን በድምፅ ብቻ አገናኚኝ። አንዴ ስሜን ይጥራኝ።»

ካሣነሽ የምትለው አላጣችም፤ ዳኛቸው የሚላክበት ቦታ ገና ብዙ ነበር። ግን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ሲቆይባት መልሳ ብታስጠጋው የውኃ ድምፅ ሰማች። ገነት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቀጣሪዎቿ እንዳይሰሟት ቧንቧ ከፍታ ነበር። ከውኃው ሥር ልቅሶዋ ይሰማል። ከዚያ የሌላ ሴት ድምፅ ስሟን በቁጣ ጠራ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ካሣነሽ ጥበቡ ጋ ተመለሰች። ካሜራውን ብቻ እንዲከፍትላት ጠየቀችው። ዘመዶቿ ፈቅደው እንደሆነ ሲያጣራ «አውቃለች» አለችው። እሱም ከፈተላት፤ ሌላውን እንደነበረ ተወው።

እሑድ ገነት በምስል ደወለች። የቆመችው እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነበር። የእናቷን ጥቁር ልብስ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል፣ አንዳንድ ቦታ ተዘልሏል፣ ከጆሮዋ በላይ ቆዳዋ ቆስሏል። በአገሯ ቢሆን ሐዘንተኛን የምትላጨው አብራት የምታለቅስ ጎረቤት ናት።

«ማን ላጨሽ?» አለች ካሣነሽ።

«ማን አለና፣ እማዬ። ራሴ ነኝ።»